ያኛው ሠ

ከፊደሎቻችን ሁሉ አንዱን እፈራዋለሁ። ሰው ጅብ ይፈራል፣ አለቃ ይፈራል፣ መርፌ ይፈራል፤ የእኔ ግን ፊደል ነው። ሦስት ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የሚቆመውን ሠን ጋዜጣ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ዛሬም ዐንገቴን ሰበር አድርጌ ነው የማልፈው። እናንተ ብትሆኑ ኖሮ አትፈሩትም ነበር ወይ? ልንገራችሁና ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በአብዮቱ ዘመን፣ ባሕር ዳር በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ሥራዬ በተጠቀለለ ጣቃ ላይ የጨርቁን ዐይነትና ቁጥር በቡርሽ መጻፍ ነበር። «ጊዜያዊ» ሲባል አጭር ጊዜ ይመስላችኋል። እኔ ጊዜያዊ ከሆንሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ቋሚ ተብለው የመጡ ሁለት የክፍል ኃላፊዎች ተቀጥረው፣ ሠርተው፣ ተዛውረው ሲሄዱ ጊዜያዊው እኔ እዚያው ነበርሁ። ጊዜያዊ ሰው ቢታመም ሐኪም የለውም፤ ቢያገባ ፈቃድ የለውም። የበሩ ዘበኛ እንኳ በየቀኑ ፊቴን እያየ «ማን ነበርህ?» ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን ነግሬዋለሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቀረውን ያስተማረኝ ዘንዘልማ በምትባል መንደር ከአንድ ባለሱቅ እጅ ያተረፍሁት መዝገበ ቃላት ነው። ባለሱቁ መጽሐፉን ከፊት ጀምሮ እየገነጠለ ሀን፣ ለን፣ ሐንና መን ስኳርና ጨው ጠቅልሎባቸው ስለ ነበር የኔ መዝገበ ቃላት የሚጀምረው ከሠ ነው። ስለዚህ በሀ ስለሚጀምር ቃል ብትጠይቁኝ እንደ ማንም ሰው እገምታለሁ። ከሠ ጀምሮ ግን አልደራደርም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ የተሳሳተ ፊደል ካየሁ እጄን ያሳክከኛል። አንድ ጧት በፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የስራ ሰአት ይከበር» የሚል ተለጥፎ አየሁ። ግራ ቀኝ አይቼ እርሳሴን አወጣሁና ሁለቱን ፊደል አስተካከልሁ። ሁለተኛውን ስጨርስ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጓድ ወርቁ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ፊደል እያስተካከልሁ ነው ጌታዬ።»

«የማንን ፊደል?»

ከማስታወቂያው ግርጌ ያለውን ፊርማ ያየሁት ያኔ ነው። «የርስዎን» አልሁ።

ምንም ሳይሉ ሄዱ። የማይቆጣ አለቃ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ጊዜያዊ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ቁጣቸውን ስጠብቅ ዋልሁና በማግስቱ ተጠራሁ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ጊዜያዊ ሠራተኛ ቢሮ ገብቶ ቁጭ በል ከተባለ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። በወንበሩ ጫፍ ተቀመጥሁ።

«ቴሌቪዥን ታያለህ?»

«በቀበሌ አዳራሽ፣ ከኋላ ቆሜ።»

«ያንን የቃላት ጨዋታስ?»

«አንድም አላመለጠኝ።»

«እንግዲያው ስማ። የቴሌቪዥኑ ሰዎች እሑድ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ፋብሪካው ከኮሌጁ ጋር ይወዳደራል። በኛ በኩል የተመረጡት የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነበሩ፤ ትናንት ድንገት ወገባቸውን አመማቸው።»

«ቃል ለመገመት ወገብ ምን ያደርጋል?»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄአቸው ነበር» አሉ ጓድ ወርቁ። «አሁን አንተ ነህ። ካሸነፍህ ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤህን ራሴ እፈርማለሁ።»

«ከተሸነፍሁስ ጌታዬ?»

የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፍተው ዘጉ። «የጊዜያዊ ሠራተኛ ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ የሚወስን ማን ይመስልሃል?»

ይህን ሲሉኝ ፈገግ ብለው ነበር። እኔም ፈገግ አልሁ። ከቢሮው ስወጣ ግን በሩን ለመክፈት ሁለት ጊዜ ስቼዋለሁ።

አሁን ጨዋታውን ላላያችሁት ላስረዳ። ትልቅ ሰሌዳ ይቆማል። በላዩ የተሸፈኑ ካርዶች አሉ፤ ከየካርዱ ሥር አንድ አንድ ፊደል። ተወዳዳሪው ፊደል በግእዙ ይጠራል፤ ከዘሮቹ አንዱ ካለ ካርዱ ይገለበጣል፤ ከሌለ ደወል ይደወልና ተራው ለባላጋራው ያልፋል። የመጨረሻዋን ካርድ ያስገለበጠ ቃሉን ይወስዳል። ከሦስት ቃል ሁለት የወሰደ አሸናፊ ነው። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሞክሼ ፊደሎቻችን ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሌላ የሆኑት። ተወዳዳሪ «ሀ» ሲል የትኛው ሀ እንደ ሆነ ጠብ እየተነሣ፣ ተመልካችም ደብዳቤ እየጻፈ ቢያስቸግር አንድ ሕግ ወጣ፤ ሞክሼ ፊደል በስሙ ይጠራ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እሳቱ ሰ። እና... ሌላኛው።

ስሞቹን በቃሌ ለመያዝ በበነጋው ጎህ ሲቀድ ጣና ዳር ወረድሁ። ከሐይቁ ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ በአንድ እጠራ ጀመር። ከመሐላቸው አንዱ ዘንድ ስደርስ በደንብ ጮህሁ፤ «ንጉሡ ሠ!»

ማገዶ ጭኖ ወደ ዳር የሚቀዝፍ አንድ ባለታንኳ ቀዘፋውን አቆመ።

«ወንድሜ፣ ማንን ነው የምትጣራ?»

«ንጉሡን» አልሁ፤ በልቤ ፊደሉን ማለቴ ነው።

ሰውዬው ወደ ኋላው፣ ወደ ጎኑ፣ ወደ ባዶው ሐይቅ ተመለከተ። «እሳቸው እኮ ከሞቱ ቆዩ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ፊደል ነው አባቴ! የፊደል ስም ነው!»

«ይሁን ፊደል። ግን ቀስ ብለህ ጥራው። ውኃው ድምፅ ይወስዳል፤ ወዲያ ማዶ ማን እንዳለ አታውቅም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፊደሉ ስም ከንጉሥ ጋር ዝምድና እንዳለው አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ታየኝ። በተሞላ አዳራሽ፣ በማይክሮፎን፣ በአገር ፊት «ንጉሡ!» ብዬ ስጣራ ታየኝ። ወደ ቤቴ እየሄድሁ የሚመጣልኝ ቃል በዚያ ፊደል የማይጻፍ እንዲሆን ተመኘሁ፤ በሠ የሚጻፉትንም ቆጠርሁ። ሥራ፣ ሠራተኛ፣ ሠራዊት፣ ሥልጣን፣ ሥርዐት። የዘመኑ ቃል ሁሉ በሱ ነው! እነዚያን ትቶ ስለ ሽምብራ የሚጠይቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ደግሞ አልነበረም።

እሑድ ደረሰ። ውድድሩ በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎቹ ወጥተው ወንበር ተደርድሯል፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ሁለት ካሜራና ዐይን የሚያጠፋ መብራት ተክለዋል። ከመድረኩ በላይ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር ተሰቅሏል፤ «የሰርቶ አደሩ ድል አይቀሬ ነው!»

«ሰርቶ»። በእሳቱ ሰ። እጄን አሳከከኝ። ሁለቱን እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

መፈክሩን ያስጻፉት የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ንጉሤ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ማስታወሻ ደብተራቸው ረጅም። ከፊተኛው ረድፍ መሐል ተቀምጠው ገና ምንም ሳይጀመር መጻፍ ጀምረዋል። የሚጽፉት ባይታየኝም ስለኔ እንደ ሆነ ርግጠኛ ነበርሁ።

የኮሌጁ ተወዳዳሪ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል የአማርኛ መምህርት ናት፤ መነጽሯን በመሐረብ እየወለወለች ረጋ ብላ ቆማለች። እኔ ከጎኗ ስቆም «አይዞህ፣ ጨዋታ ነው እኮ» አለችኝ። ቋሚ ሠራተኛ እንደ ሆነች ከአነጋገሯ ዐወቅሁ።

ሁሉም ዝግጁ ነው፤ ዳኛው ብቻ የሉም። የፊደል ጠብ ቢነሣ የሚዳኙ መሪጌታ ጥበቡ የተባሉ ሊቅ ከደቅ ደሴት ተጠርተው ነበር። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ተነሥቶ ጀልባቸው ዘገየ። አንድ ሰዓት ያህል ከመብራቱ ሥር ቆመን ጠበቅን። በዚያ ሰዓት ውስጥ ላቤ ከዐንገቴ ተነሥቶ ጫማዬ ደርሷል። በመጨረሻ መሪጌታ ነጠላቸው ረጥቦ፣ ጥምጥማቸው ግን ንክች ሳይል ገቡና ከመድረኩ ጥግ ወንበር ተሰጣቸው።

«ይቅርታ ልጆቼ፤ ሐይቁ ዛሬ ተቆጥቶ ነበር።»

አቅራቢው ኮሌታው ሰፊ፣ ሱሪው ከኮሌታው የሰፋ ወጣት ነው። እጁን አጨብጭቦ «እንጀምር!» አለ። በካሜራው ግንባር የቀይ መብራቷ ዐይን በራ።

የመጀመሪያው ቃል ዐራት ካርድ ነው። ዕጣው ለኔ ወጣ። በ አልሁ፣ ተገለበጠ። ረ፣ ተገለበጠ። ተ፣ ተገለበጠ። የቀረው የመጀመሪያው ነው። «ኅብረት» መሆኑን የአዳራሹ ሰው ሁሉ በከንፈሩ እያለው ነው።

«ብዙኀኑ ኀ!» አልሁ።

ካርዱ ተገለበጠ። ጓድ ንጉሤ «ብዙኀኑ» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ «ብዙኀኑ! ትክክል! ሁልጊዜም ብዙኀኑ!» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። አዳራሹም ተከተላቸው። በፊደል ስም የተጨበጨበለት የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጓድ ወርቁ ከጎናቸው ሆነው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ሁለተኛው ቃል ሦስት ካርድ ነው። ወይዘሪት አልማዝ ጠ ብላ አንዱን፣ ተ ብላ ሌላውን አስገለበጠች። ቀጥላ ረን ስትጠራ ተደወለባት፤ ተራው የኔ ሆነ። ሰሌዳው ላይ «ጥታ» ተጽፎ፣ ከፊቱ አንድ ካርድ ተሸፍኗል። «ጸጥታ» ነው። ጸሎቱ ጸ። ልለው አፌን ስከፍት ጓድ ንጉሤ ብዕራቸውን አነሡ። ጸጥታን ከጸሎት ጋር ማገናኘት እንዴት ይታያል? አሰብሁ። ማሰብ አልነበረብኝም።

«ጮክ በል ጓድ!» አለ አቅራቢው።

ፀሐይ ማንንም አታስቀይምም። «ፀሐዩ ፀ!» አልሁ።

ደወል!

ወይዘሪት አልማዝ መነጽሯን አስተካክላ «ጸሎቱ ጸ» አለች፤ ውኃ ስጡኝ እንደ ማለት ቀለል አድርጋ። ካርዱ ተገለበጠ። ማንም አልተነሣ፣ ማንም አልተያዘ። ጓድ ንጉሤ ቀና እንኳ አላሉ። ጓድ ወርቁ ግን አውራ ጣታቸውን እጥፍ አድርገው መሳቢያ እንደ መዝጋት ያለ ምልክት አሳዩኝ።

አንድ ለአንድ። የቀረው ቃል አንድ ነው፤ እሱም ስድስት ካርድ፣ ሦስትና ሦስት ሆኖ የተከፈለ። ወይዘሪት አልማዝ ረን ጠርታ ሁለት ካርድ አስገለበጠች፤ ለን ጠርታ ሳተች። እኔ ተን ጠራሁ፣ «ቶ» ሆና ወጣች። ደን ጠራሁ። አልፋው አን ጠራሁ። ሰሌዳው ላይ «–ርቶ አደር» ተጽፎ፣ መነሻው ላይ አንዲት ካርድ ቀረች። አንዲት ካርድና የቋሚነት ደብዳቤ።

ከመድረኩ በላይ መፈክሩን አየሁ፤ በእሳቱ ሰ። ጓድ ንጉሤን አየሁ፤ ብዕራቸውን ይዘዋል። የቀይ መብራቷን ዐይን አየሁ።

«ጓድ፣ ፊደሉን!» አለ አቅራቢው።

«ሠ» አልሁ።

«የትኛው? ሕጉን ታውቃለህ፤ በስሙ ጥራው።»

«ሠራተኛው ሠ።»

ሰው ሣቀ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። አቅራቢው ወረቀቱን አገላበጠ። «እንዲህ የሚባል ፊደል የለም። እሳቱ ነው ወይስ...» አለና ቀጥ አለ። እሱም ደረሰበት! ከአዲስ አበባ ድረስ ሕግ ይዞ የመጣ ሰው ፊቱ ከወረቀቱ ነጣ። «እሳቱ ነው ወይስ... ያኛው?»

«ያኛው!» አልሁ ተንፍሼ።

«ያኛው ማለት... የቀድሞው?»

«አዎ፣ የቀድሞው ሠ!»

ጓድ ንጉሤ ወደ ጓድ ወርቁ ዘንበል ብለው «የቀድሞው ማለት የት ሄዶ ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

ደወሉ ተደወለ።

አልገባኝም። ደጋግሜ ሰሌዳውን አየሁ። ወይዘሪት አልማዝም አልገባትም፤ ግን ተራዋ ነውና የቀረውን አንድ መንገድ ሞከረች። «እንግዲያው እሳቱ ሰ» አለች እያመነታች። ካርዱ ተገለበጠ። «ሰርቶ አደር»። ካርዱን የጻፈው ሰው ከመፈክሩ ላይ ገልብጦ ኖሯል! የኮሌጁ ሰዎች ብድግ ብለው ጮኹ። ጓድ ወርቁ ተነሥተው ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ።

እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ። በስብሰባ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ አውቶቡስ ወራጅ አለ ማለት ፈርቼ፣ መውረጃዬን አልፌ፣ ሐሙሲት ከተማ የሚወርድ ሰው እስኪገኝ የሄድሁበት ቀን አለ። ያን ቀን ግን ከሠ የሚጀምረው መዝገበ ቃላቴ በሆዴ ውስጥ ተነሣብኝ።

«ስሕተት ነው!» አልሁ። ማይክሮፎኑ ገና እፊቴ ነበርና አዳራሹ ሁሉ «ነው፣ ነው» እያለ መለሰው። «ሠርቶ በእሳቱ አይጻፍም። ካርዱም ተሳስቷል፤ መፈክሩም ተሳስቷል።»

«ምኑ ነው የተሳሳተ?» አሉ ጓድ ንጉሤ ብድግ ብለው። «መፈክሩ?»

በዚያ ዘመን መፈክር አይሳሳትም ነበር።

አቅራቢው ላቡን ጠርጎ ወደ ጥጉ ዞረ። «መሪጌታ፣ እርስዎ ይዳኙን።»

መሪጌታ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ማሕሌት የለመደ ነው፤ ማይክሮፎን አያስፈልገውም። «ልጁ እውነት ብሏል። ሠርቶ፣ ሥራ፣ ሠራተኛ፤ ሁሉም በንጉሡ ሠ ነው።»

«በማን?» አሉ ጓድ ንጉሤ።

«በንጉሡ።»

«ሠርቶ አደሩ? በንጉሡ?»

«አዎን። ያለ ንጉሡ ሠርቶ አደር ተብሎ አይጻፍም።»

አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ካሜራ ያዡ እጁን ከካሜራው አንሥቶ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ጓድ ንጉሤ ደብተራቸውን ከፈቱ። «ይህንን አባባል ልጻፈው» አሉ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። «ስምዎን ይንገሩኝ አባ።»

«ጥበቡ እባላለሁ። የርስዎንስ ማን ልበል?»

«ንጉሤ።»

«እንዴት አድርገው ይጽፉታል?»

ጓድ ንጉሤ ሊጽፉት ጎንበስ አሉ። ብዕሩ ደብተሩ ላይ ቆመ። ዕድሜ ልካቸውን ስማቸውን ሲጽፉ የኖሩ ሰው አሁን ገና አዩት መሰለኝ።

«በ... ያኛው» አሉ በመጨረሻ።

የሣቀ የለም። ሣቅ ግን ነበረ፤ በየሰዉ አፍንጫ ሲወጣ ይሰማል። ወይዘሪት አልማዝ መነጽሯን አውልቃ እንደገና ትወለውላለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ነገሩን የፈቱት ጓድ ወርቁ ናቸው። ከበሩ ተመልሰው ከአዲስ አበባ፣ ከማእከል የመጣ ጋዜጣ ከቢሯቸው አስመጡ። ሁላችንም ራሳችንን ገጥመን አየን። ከፊት ገጹ አናት በትልቁ «ሠርቶ አደር» ይላል፤ በያኛው። አሁን የተሳሳተው እኔ አይደለሁም፤ ከማእከሉ ጋር የማይስማማ መፈክር የሰቀለ ሰው ነው። ጓድ ንጉሤ ጋዜጣውን አጥፈው መለሱና መሐረባቸውን አወጡ።

«ይህ ሳይታረም ወደ አዲስ አበባ አይሄድም» አሉ። «ካርዱም፣ መፈክሩም፣ ቀረጻውም እንደገና። ቡርሽ የሚይዝ ማን ነው?»

እኔ ነኛ! መሰላል መጣ። ባላጋራዬ መሰላሉን ይዛልኝ፣ ዳኛዬ ከታች ሆነው «ቀኙን ጣቱን ትንሽ ሰፋ አድርገው» እያሉኝ፣ ጓድ ንጉሤም «ቶሎ፣ ቶሎ» እያሉኝ፣ እሳቱን አጥፍቼ ንጉሡን በሠርቶ አደሩ ላይ አወጣሁት።

አቅራቢው ሰበሰበን። «ስሙ! የቀረኝ ቴፕ ለአንድ ደቂቃ የሚበቃ ነው። የመጨረሻዋን ካርድ ብቻ እንደግማለን። ማንም መልሱን እንደሚያውቅ እንዳይመስል። ሲገለበጥ እንደነቃለን። ፊደሉን ደግሞ...»

«ሠራተኛው ሠ ይበል» አሉ ጓድ ንጉሤ። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

መሪጌታ በቅሬታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በልቤ ደገምሁት። ሠራተኛው። ሠራተኛው። ከባድ ቃል አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ልሆነው የፈለግሁት ቃል ነው።

የቀይ መብራቷ ዐይን በራ። «ጓድ፣ የመጨረሻዋ ካርድ! ፊደሉ?» አለ አቅራቢው፣ ምንም እንዳልሆነ ፈገግ ብሎ።

ሠራተኛው፣ ሠራተኛው፣ ሠራተኛው። አፌን ከፈትሁ።

«ንጉሡ—»

ምላሴ ነው። እኔ የለሁበትም። ከዚያ የሆነውን በትክክል ልንገራችሁ። «ን» ከአፌ ወጥታ «ጉ» ስትከተል ጓድ ንጉሤ ከመቀመጫቸው እንደ ሚዳቋ ዘለው ቃሉን ለመሸፈን በሙሉ ኃይላቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ካድሬው ቆሞ ሲያጨበጭብ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። ካርዱ በጭብጨባ መሐል ተገለበጠ። ቴፑም አለቀ።

ፕሮግራሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲተላለፍ በቀበሌው አዳራሽ ከኋላ ቆሜ አየሁት። ከኔ አፍ የተሰማው አንዲት «ን» ብቻ ናት፤ ከዚያ ጭብጨባ። ለአገሩ ሁሉ ፊደል በጠራ ቁጥር ሕዝብ የሚነሣለት ሰው መሰልሁ። በስፍራው የነበርነው ግን ጓድ ንጉሤ ለንጉሡ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሲያጨበጭቡ እናያለን። ይህን ግን ማንም ለማንም አልነገረም።

ደብዳቤውን ጓድ ወርቁ ያኔውኑ ሰኞ ፈርመው ሰጡኝ። ቋሚ ሆንሁ። ከሥሩ አንዲት መስመር በጓድ ንጉሤ ጥያቄ ተጨምራለች፤ ከእንግዲህ በፋብሪካው የሚሰቀል መፈክር ሁሉ በመጀመሪያ በኔ ይታያል፤ ስሕተት ከተገኘበትም በኃላፊነት የምጠየቀው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጓድ ንጉሤ የመጀመሪያውን መፈክር ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

«እንዴት ነው? ስሕተት አለው?»

አነበብሁት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግሬ እየሄድሁ አነበብሁት። ስሕተቱ ሰባት ነው። ሰባቱንም ቆጠርሁ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። «አለው» ካልሁ ካድሬውን ማረሜ ነው፤ «የለውም» ካልሁ ሰባት ጊዜ እጠየቅበታለሁ። የቋሚነት ደብዳቤዬ በደረት ኪሴ ውስጥ ሞቀኝ።

«ጽሕፈቱ እንከን የለውም ጓድ» አልኋቸው። «ቀለሙ ግን ፈዘዝ ብሏል። ከሩቅ ላይነበብ ይችላል። ካልከፋዎት በአዲስ ጨርቅ ላይ አድምቄ ልገልብጠው?»

«ቀለሙ ነዋ!» አሉ። «እኔም ቀለሙ ላይ ጥርጣሬ ነበረኝ።»

እንዲህ ስንት ዓመት ዘለቅን። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ግን አንድ መፈክር ለመስቀል ሁለት መፈክር የሚያህል ቀለም ለምን እንደሚወጣ እስከ መጨረሻው አልገባቸውም፤ በየወሩ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም በየወሩ የዘንድሮ ቀለም ቶሎ ይፈዛል እላቸው ነበር።